የጨዋዎቹ ረድፍ

አንደኛ ሳምንት፣ ሰኞ

«ዛሬ ክፍሉ ጨዋ ነው፤ አንድም የረበሸ የለም» አለች ከሌሊት ፈረቃ የወጣችው ነርስ፣ የርክክብ መዝገቡን እየሰጠችኝ። ደስ አለኝ። ሃያ ስድስት አልጋ፣ ሃያ ስድስት በወባ የጋለ ልጅ፣ በዚያ ላይ ጸጥታ። እንዲህ ያለ ርክክብ በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። አንብቤ፣ ፈርሜ ተቀበልኩ።

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ባለቤቴ ናት። «ማታ ማታ የምታጉረመርመውን እዚህ ላይ ጻፈው፤ እኔም ግድግዳውም ሰልችቶናል» ብላ። ሃያ ሁለት ዓመት ነርስ ሆኜ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ግን እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ስለ ሰው ሽንት መጠን ነው። ስለ ራሴ መጻፍ እስክለምድ ጊዜ ይወስድብኛል።

ለማንኛውም ቦታውን ላስተዋውቅ። የሕፃናት ክፍላችን እንደ ባቡር ፉርጎ ረጅም ነው። በሩ አጠገብ የኛ ጠረጴዛ አለ። የሚጮኸውን፣ የሚያስመልሰውን፣ የግሉኮስ ገመድ የሚነቅለውን ልጅ ጠረጴዛው አጠገብ እናስተኛለን፤ ዝም ያለውን ወዲያ ማዶ፣ መስኮቱ ጋ። የመስኮቱን ረድፍ «የጨዋዎቹ ረድፍ» ብዬ የሰየምኩት እኔ ነኝ። ስሙ ተወዶ መዝገብ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ከድርሰቶቼ ሕዝብ የተቀበለልኝ ይህ ብቻ ነው።

ረቡዕ

የአንጎልን ሞገድ የሚቀዳ ማሽን መጣልን። በውሰት ነው፤ ለዚህ የወባ ወቅት ብቻ። ከማሽኑ ጋር ጡረታ የወጣ ቴክኒሻን ተልኳል፤ እሱም በውሰት ሳይሆን አይቀርም። ወፍራም መነጽር አለው፤ በቀን ከሃያ ቃል በላይ አይናገርም፤ ምሳውን ማሽኑ አጠገብ ተቀምጦ ይበላል። ማሽኑ ይሰረቅብኛል ብሎ ይሁን ብቻውን ይከፋዋል ብሎ አልገባኝም። ከሰዓት በኋላ ላይ «ጋሽ ሽቦ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ይሄኛውን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።

ዶክተሯ ሰብስባ አስረዳችን። በዕድሜ ከኔ በአሥራ ስምንት ዓመት ታንሳለች፤ «አለቃ» ትለኛለች፤ ማክበሯ ይሁን ማሾፏ እስካሁን አልለየሁም።

«ወባ አንጎል ላይ ሲወጣ ልጁ ይንቀጠቀጣል፤ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን» አለች። «ግን አንዳንዱ ልጅ ገላው ሳይነቃነቅ አንጎሉ ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ከውጭ ስታዩት ተኝቷል። ውስጡ ግን ሰፈሩ በሙሉ እየጮኸ ነው። ቶሎ ካላቆምነው አንጎሉን ይጎዳዋል።»

«ታዲያ በምን ይታወቃል?» አልኩ።

«ለሱ ነዋ ማሽኑ የመጣው።»

ማሽኑ አንድ፣ ልጁ ሃያ ስድስት። ወረፋ የሚይዝ ሰው አስፈለገ። ሁሉም ወደኔ ዞረ። መዝገብ የሚወድ ሰው ዕጣው ይሄው ነው።

ማታ ማታ የማነበው መጽሐፍ ስለ አንዲት የተከበበች ከተማ ነው። ጠላት ቅጥሩን አርባ ቀን ሲመታ ቆይቶ ድንገት ዝም አለ። ዘበኞቹ «ሰላም ነው» ብለው ለገዥው ሪፖርት ጻፉ። እዚህ ጋ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ዓርብ

የወረፋ ዝርዝሩን አወጣሁ፤ ክፉኛ የሚንቀጠቀጡትን አስቀደምኩ። ዶክተሯ አይታው ሳቀች። «አለቃ፣ በዓይን የሚታየውን ለማየት ማሽን ምን ያደርግልናል?» እኔም ሳቅኩ። ዝርዝሩን ግን አልቀየርኩትም፤ በእስክሪብቶ ጽፌ ጨርሼዋለሁ።

ጠረጴዛው አጠገብ ያለ አንድ የሦስት ዓመት ጎረምሳ የጋውኔን ሁለተኛ ቁልፍ ነቅሎ ወሰደ። ፈልገን አጣነው። ሰገራውን እየተከታተልን ነው።

ባለ ኳሱን ልጅ አባቱ ለክትትል አመጣው። ባለፈው ወር፣ ማሽኑ ሳይመጣ፣ የጨዋዎቹ ረድፍ ላይ ሦስት ቀን ተኝቶ ድኖ የወጣ ልጅ ነው፤ የጨርቅ ኳሱን ብብቱ ሥር ይዞ ገብቶ ብብቱ ሥር ይዞ ወጣ። አባትየው «ስጠራው አንዳንዴ አይዞርም፤ ኳሱንም ይይዘዋል እንጂ አይመታውም» አለኝ። ጊዜ ይፈልጋል አልኩት። ጊዜ የማይፈልግ ነገር የለም፤ ስለዚህ አልዋሸሁም።

እሑድ

ቁንጫን አመጧት። የታናሽ እህቴ ልጅ ናት፤ አራት ዓመቷ ነው። አንድ ቦታ ተቀምጣ ስለማታውቅ ነው ቁንጫ ያልኳት። ስም ማውጣት አመል ሆኖብኛል።

ሦስት ቀን ትኩሳት፤ ዛሬ ጠዋት ቤት ውስጥ መንቀጥቀጥ። እህቴ ከታክሲ ወርዳ አቅፋት ስትሮጥ አንድ እግሯ ላይ ብቻ ጫማ ነበራት። የመንቀጥቀጡን መድኃኒት ወጋናት፤ ቆመላት፤ ተኛች። የወባውም በደም ሥር ተጀመረ። የደም ሥሯን እኔም አገኘው ነበር። ዶክተሯ ግን መርፌውን ከእጄ ወስዳ ራሷ ተከለችው።

ሁለተኛ ሳምንት፣ ሰኞ

ትኩሳት ሠላሳ ዘጠኝ። ትንፋሿ ደህና ነው። ስትጠራ አትመልስም። የወጋናት መድኃኒት ያስተኛል፤ የሚጠበቅ ነው። በሩ ጋ አምስት አዲስ ጩኸታሞች ስለገቡ ቁንጫን ወደ መስኮቱ አዛወርኳት። መዝገብ ላይ፦ «በሰላም ተኝታለች።»

እህቴ፦ «ጋሼ፣ ይሄ እንቅልፍ አይደለም።»

«እሺ ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ቁንጫ ስትተኛ እንኳ ትራገጣለች። ከሷ ጋ ያደረ ሰው ጠዋት ወለል ላይ ነው የሚነሳው።»

«ታማለቻ፣ እህቴ።»

«መታመሟን ለኔ ነው የምትነግረኝ? ያመጣኋት እኔው አይደለሁ?»

ማክሰኞ

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ጠባይዋን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ ቁልፉ ያልገጠመ ልብስ ከሱቋ አይወጣም። አንዴ ለአንድ ኮት አንዲት ቡናማ ቁልፍ ፍለጋ ሙሉ ቅዳሜ አዙራኛለች። ለኔ ዓይን ሁሉም ቡናማ ነበር። እሷ ግን «ይሄኛው ቡናማ ነው፤ ያኛው ጭቃ ነው» ትላለች።

ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ አልጋ ለአልጋ እየዞርኩ መስኮቱ ጋ ስደርስ፣ በቁንጫ ግራ እጅ አውራ ጣት ላይ ክር ታስሯል። ከክሩ ጫፍ አንድ አረንጓዴ የልብስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። እህቴ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ቁልፉን ታያለች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጋሼ፣ ዝም ብለህ እየው። ይነቃነቃል።»

«ነፋስ ነው። መስኮት ሥር ናት።»

«መስኮቱን ዘግቼዋለሁ። እየው እንጂ! ትክ ትክ ትክ ይላል፣ እኩል በኩል፣ እንደ ስፌት መኪና። ከዚያ ያቆማል፤ ደሞ ይጀምራል። ሰው ሲተኛ እኩል አይነቃነቅም። እኩል የሚነቃነቀው መኪና ነው።»

«ይሄ ስፌት ቤት አይደለም» አልኳት። ጣት ላይ የታሰረ ክር የደም ዝውውር ያግዳል፤ ከውጭ የገባ ዕቃ ጀርም ያመጣል። ሁለቱም መመሪያው ላይ ተጽፈዋል። ክሩን በመቀስ ቆረጥኩ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

«እሺ፣ በማሽኑ ትታይልኝ።»

«ወረፋዋ ነገ ነው።»

«ወረፋ የምትይዘው አንተ አይደለህ?»

«ለዚያ ነዋ!»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ኖሮ ታስቀድማት ነበር» አለች።

እንግዲህ እኔም እዚህ ላይ ላስረዳ፤ እዚያ ጊዜ አላገኘሁም። ሃያ ስድስት ቤተሰብ ያየኛል። ግማሾቹ «ዶክተር» ይሉኛል፤ አይደለሁም ማለት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። የእህቴን ልጅ ከወረፋ ዘልዬ ባስገባ ነገ በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ? መመሪያ መመሪያ የሚሆነው ዘመድ ላይ ሲሠራ ነው። ባለቤቴን ጠየቅኳት፤ «ልክ ነህ» አለች። ሳህን እያጠበች ነበር። ያንኑ ሳህን ሦስት ጊዜ አጠበችው።

ቁልፉን አየሁት ወይ? አየሁት። ትንሽ ተነቃንቋል። ነፋስ ነው።

እጄ ንጹሕ ነው።

ረቡዕ

አራት ሰዓት። ተራዋ ደረሰ።

ሽቦዎቹ ከራሷ ቆዳ ጋር እንዲገናኙ ጉንጉኗ መፈታት ነበረበት። እህቴ እንደ ስፌት ተረተረችው። አራት ደቂቃ።

ስክሪኑ በራ። ጋሽ ሽቦ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«አልተኛችም» አለ።

ዶክተሯ በሩጫ መጣች። መድኃኒት። ኦክስጅን። ሁለተኛ መድኃኒት። ትንፋሿን የምቆጥረው እኔ።

አራት ከሃምሳ። መስመሩ ረገበ።

የቀረውን ማታ።

ረቡዕ ማታ

በሌሎቹ ልጆች ላይ ያየሁት መስመር ዶሮ የጫረችው መሬት ይመስላል፤ አንዱ ከሌላው አይገናኝም። የቁንጫ ግን በቀኝ በኩል ያለው መስመር ሁሉ እኩል የተሳለ የመጋዝ ጥርስ ነበር። ጋሽ ሽቦ በጣቱ እያሳየኝ «እኩል ሲሆን አልወድም» አለ። የግራ እጅን የሚያዘው የአንጎል ቀኝ ጎን ነው፤ ይሄን የተማርኩት የዛሬ ሃያ አራት ዓመት ነው፤ ፈተናውንም በከፍተኛ ውጤት አልፌያለሁ።

እህቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። «ይሄማ ስፌት ነው» አለች ለራሷ። ከኔ በቀር የሰማት የለም።

መስመሩ ከረገበ በኋላ ዶክተሯ ቅጹን አውጥታ፣ እስክሪብቶዋን ከፍታ ጠየቀች፦ «ከመቼ ጀምሮ ይሆን?»

«አይታወቅም» አልኩ።

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ።  ከቁንጫ ፀጉር ላይ፣ ከሽቦዎቹ ሥር የፈሰሰውን ጄል መጥረጓን ቀጠለች።

በሕክምና ቋንቋ «አይታወቅም» ማለት ልክ ነው። በክር የተንጠለጠለ ቁልፍ ማስረጃ አይባልም። ባነበብኩት በየትኛውም መጽሐፍ ላይ የለም፤ ብዙ አንብቤያለሁ። ነገ በእርጋታ ለዶክተሯ አነሳላት ይሆናል፤ ዛሬ ደክሟታል።

ከማክሰኞ ሦስት ሰዓት እስከ ረቡዕ አራት ሰዓት ሃያ አምስት ሰዓት ነው። ይሄን ያሰላሁት እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

ሐሙስ

አልነቃችም። ሽቦው እንዳለ ነው፤ መስመሩ ጸጥ ብሏል። «ጨዋ ሆኗል» ልል ነበር።

ዶክተሯ፦ «አንጎሏ ተረጋግቷል አለቃ። አሁን የምንጠብቀው ምን ያህል እንደተረፈ ነው።»

የቁልፉን ነገር አላነሳሁም። ሥራ በዝቶባት ነበር።

መጽሐፉን ጨረስኩት። ጠላት ዝም ያለው ከሥር ዋሻ እየቆፈረ ስለነበር ነው። ደራሲው ዘበኞቹን ክፉኛ ይሰድባቸዋል። በኔ አስተያየት ትንሽ አብዝቶታል።

ዓርብ

ትኩሳቷ ወርዷል። ረፋዱ ላይ ዓይኗን ገለጠች፤ ግድግዳውን አየች፤ መልሳ ከደነችው። እህቴ ጠራቻት። አልዞረችም። እኔም ጠራኋት።

ባለ ኳሱን ልጅ አላሰብኩም ብዬ ልጽፍ ነበር።

የወረፋ ዝርዝሩን ቀድጄ እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ ዝም ያሉትን አስቀድሜ። በእርሳስ። ከጨዋዎቹ ረድፍ ስድስት ልጆች ታዩ። ሁለቱ አልተኙም ነበር።

ቅዳሜ

ጮኸች!

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ ሽቦ ሽቦዎቹን ሊያነሳላት ጎንበስ አለ። ማጣበቂያው ደርቆ ፀጉሯን ሳይጎትተው አልቀረም። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መድኃኒት ቤቱ ወረፋ።

«ፀጉሬን! ልቀቀኝ! አንተ ሽማግሌ!»

ክፍሉ በሙሉ ቀጥ አለ። ጋሽ ሽቦ ሁለት እጁን እንደተማረከ ወታደር ወደ ላይ አንስቶ፣ «ይቅርታ እመቤቴ፣ አልጎትትሽም፣ በዘይት አድርጌ ቀስ ብዬ ነው የማነሳልሽ፣ አንድም ፀጉር አይነቀልም፣ እኔም የልጅ ልጅ አለኝ፣ ፀጉሯን ማንም አይነካባትም፣ አውቃለሁ እኮ ምን ያህል እንደሚያም» አለ። የዕለት ድርሻውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

«ቁንጫ!» አልኩ ካለሁበት።

ዞረች። ወዲያው ነው የዞረችው፤ ተቆጥታ። «አጎቴ፣ ይሄን ሰውዬ አባርልኝ!» ከዚያ ብርድ ልብሱን በእግሯ መትታ ወለሉ ላይ ጣለችው። እህቴ ብርድ ልብሱን ልታነሳ ጎንበስ ብላ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ ቀረች፤ ትስቅ ይሁን ታለቅስ ከጀርባዋ አይታወቅም ነበር። የጎረቤት አልጋ እናቶች እልል አሉ። ዶክተሯ «እዚህ እልልታ ክልክል ነው» ብላ ራሷ አጨበጨበች።

እኔ ጓንት ልቆጥር ዕቃ ቤት ገባሁ። ጓንቱ ትናንት ተቆጥሯል። ቢሆንም ደግሜ ቆጠርኩት፤ ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ።

አራተኛ ሳምንት፣ ሰኞ

ክፍሉ ተገለበጠ። ዝም ያሉት ልጆች ጠረጴዛው አጠገብ፣ ጩኸታሞቹ መስኮቱ ጋ። ወላጆች ግራ ተጋብተዋል፤ «ልጃችን እየጮኸ ለምን ታርቁታላችሁ?» ይላሉ። «ስለሚጮህ ነዋ፤ ጎበዝ ነው» እላቸዋለሁ። የጨዋዎቹ ረድፍ የሚለው ስም ቀርቷል። ድርሰት አልቀናኝም።

ዶክተሯ ሪፖርቷን ጨረሰች፦ በዚህ የወባ ወቅት ድብቅ መንቀጥቀጥ የተገኘባቸው ልጆች ዘጠኝ። ማሽኑ ለሚቀጥለው ወቅትም እንዲቆይ ተፈቅዷል፤ ጋሽ ሽቦም አብሮ። ተጨባብጠናል። የቁንጫ መስመር ላይ «የጀመረበት ጊዜ፦ አይታወቅም» ይላል። እንደ ምስክር እንድፈርም ሰጠችኝ፤ ፈረምኩ። በዚህ ሁሉ ደስታ መሐል ስለ ቁልፍ ማውራት ነገር ማበላሸት ነው።

ሁሉም ሲሄድ የባለፈውን ወር መዝገብ አወጣሁ። ባለ ኳሱ ልጅ፣ ሦስት ቀን። «በሰላም ተኝቷል» የሚል ስድስት ቦታ አለ። ስድስቱም የኔ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ቆንጆ ነው የምጽፈው።

ለአባትየው ደወልኩለት። ለሐሙስ የማሽኑን ወረፋ ያዝኩለት፤ ከሁሉ አስቀድሜ።

ሐሙስ

ባለ ኳሱ ልጅ ታየ። አሁን መንቀጥቀጥ የለበትም። ዶክተሯ «ማሽኑ የዛሬውን እንጂ ያለፈውን አያሳይም» አለች። በየሳምንቱ እየመጣ መናገርና መጫወት እንዲለማመድ አዘዘችለት። አባትየው ለስልኩ አመሰገነኝ። ሁለት እጄን ይዞ ነው ያመሰገነኝ፤ ቶሎ አልለቀቀኝም።

እሑድ

እህቴና ቁንጫ ከወጡ ጀምሮ እኛ ቤት ናቸው፤ ቤታችን ለሆስፒታሉ ቅርብ ነው። ቁንጫ ሶፋውን እየዘለለች ሁለት ስፕሪንግ ገድላለች። ባለቤቴ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ እኔ ሶፋው ላይ ቡና ሳፈስ የምትለውን አውቃለሁ። እህቴ እጇ ሥራ መፍታት ስለማይችል መጋረጃውን ዘመዘመች፣ የትራሱን ልብስ አጠበበች፣ ዛሬ ደግሞ የጋውኔን ሁለተኛ ቁልፍ ተከለችልኝ።

ኪሴ ውስጥ የነበረውን አግኝታ መሆን አለበት። ከጋውኔ የወደቀው መስሏት ነው። ክሩን የቆረጥኩ ዕለት በጣም ተጨንቃ ስለነበር አላስታወሰችውም፤ ሰው ሲጨነቅ እንዲህ ያለ ዝርዝር ከአእምሮው ይጠፋል፤ በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ። «ጋሼ፣ ጋውንህን አዘጋጅቼልሃለሁ» ብቻ አለችኝ፣ አጣጥፋ እየሰጠችኝ። «እግዜር ይስጥሽ» አልኳት። እንዳለ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ልነግራት ነበር። ግን ራሷ ከረሳችው እኔ ማስታወሴ ለማን ይጠቅማል? ልጅቷ ድናለች። ቀለል አለኝ። ዛሬ ከብዙ ቀን በኋላ ቀን ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰፋ ነበር። ስነቃ ታየኛለች። «ጋሼ፣ ስትተኛ አፍህን ትከፍታለህ» አለችኝ፤ ሳቅን።

አምስተኛ ሳምንት፣ ሰኞ

የቁንጫ የክትትል ቀን። ዶክተሯ በአንድ እግር አቆመቻት፤ ቆመች፤ ቀይሪ እስክትባልም አልጠበቀችም፤ በሌላኛውም ቆመች። ስሟን ጠየቀቻት፣ እስከ ሃያ አስቆጠረቻት፤ አሥራ ሰባትን ዘለለችው፤ እናቷ «ድሮም ትዘለዋለች» አለች። ዶክተሯ ይሄንን ቅጹ ላይ ጻፈችው፤ ከእንግዲህ እናትየዋን የሚጠይቅ መስመር ቅጹ ላይ ይጨመር ብላኛለች።

የቀለም ካርዱን አንዱ ልጅ ስለበላው ዶክተሯ ወደኔ ዞር አለችና «ነይ፣ በአጎትሽ ጋውን እንፈተን። ከላይ ጀምረሽ የቁልፎቹን ቀለም ንገሪኝ» አለቻት። እህቴ በሩ ጋ ቆማ ታይ ነበር።

ቁንጫ ጣቷን ደረቴ ላይ አድርጋ ወደ ታች ወረደች፦

«ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ።»

አንዱንም አልተሳሳተችም።